በዕድሜ የገፋ ሰው ደም ውስጥ ክሮሞዞም ጎደለ ሲባል፦ የትኛው ምርመራ ለየትኛው ጥያቄ?

የ72 ዓመት አባት ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ተሠርቶላቸው ነጭ የደም ሴላቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ እንበል። ሐኪሙ «የክሮሞዞም ምርመራ ይታይላቸው» ብሎ ጻፈ። ልጆቻቸው ላብራቶሪ ሲደውሉ «የትኛውን ነው የምትፈልጉት?» ተባሉ። ካርዮታይፕ አለ፣ ፊሽ አለ፣ ማይክሮአሬይ አለ፣ ዲጂታል ፒሲአር አለ፣ ሲኩዌንሲንግም አለ። ዋጋቸውም የሚያዩትም ይለያያል። አንዱ «ደህና ነው» ያለውን ሌላው «ለውጥ አለ» ሊል ይችላል፤ ሁለቱም ሳይሳሳቱ።

ይህን የጻፍኩት ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ምን እንደሚገዙ ማወቅ ለሚፈልጉ ቤተሰቦች ነው። ለሐኪሞችና ለላብራቶሪ ሰዎችም የሚጠቅም ነገር ይኖረዋል ብዬ አምናለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዕድሜ ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ

ይህ ካልገባ የትኛውንም ውጤት ማንበብ አይቻልም፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

የሰው ሴል 46 ክሮሞዞም (ዲኤንኤን የተሸከመ ክር) እንዳለው የተረጋገጠው በ1956 በስዊድን ሉንድ ከተማ ነው፤ ትጂዮና ሌቫን በሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች። ከዚያ በፊት 48 ነው ይባል ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ፓትሪሺያ ጄኮብስና ባልደረቦቿ ኤዲንብራ ውስጥ የብዙ ሰዎችን የደም ሴል እየቆጠሩ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሰዎቹ በዕድሜ በገፉ ቁጥር 46 የማይሞላ ሴል ይበዛል። የሚጎድለው በአብዛኛው ከጾታ ክሮሞዞሞች አንዱ ነው፤ በሴቶች ኤክስ፣ በወንዶች ደግሞ ዋይ።

ምክንያቱ ከመቅኔ ይጀምራል። ደም የሚያመርቱት እናት ሴሎች ዕድሜ ልክ ይከፋፈላሉ። አንዳንዴ ሲከፋፈሉ አንድ ክሮሞዞም ይቀራል። ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ሴል ይሞታል። ዋይ ሲጎድል ግን የደም ሴል ሳይቸገር ይኖራል። በሴቶችም በብዛት የሚጠፋው ቀድሞውኑ ሥራ የፈታው ኤክስ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ገና ከጽንስ ጀምሮ ስለሚዘጋ። የተረፈው ሴል ይራባል። ዓመታት ሲያልፉ የደሙ አንድ ክፍል ከእሱ የተገኘ ይሆናል።

ይህ ምን ያህል የተለመደ ነው? በ2019 የወጣ የብሪታንያ ጥናት ከ205,000 በላይ ወንዶችን አይቶ ከአምስቱ በአንዱ ላይ የዋይ መጥፋት አገኘ። 70 ዓመት የሞላቸው ዘንድ ቁጥሩ ከ40 በመቶ አለፈ። በ2024 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ880,000 በላይ ሴቶችን አይቶ 12 በመቶ በሚሆኑት የኤክስ መጥፋት አግኝቷል። እንግዲህ አንድ አዛውንት ዋይ የጎደላቸው ሴሎች አሉባቸው ቢባል ያ ብቻውን በሽታ አይደለም።

ከ1 እስከ 22 ያሉት ክሮሞዞሞች ነገር ሌላ ነው። በ2012 የወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች እነዚህን ተመለከቱ። ሙሉ ክሮሞዞም ወይም ትልቅ ቁራጭ የተለወጠበት ደም ከ50 ዓመት በፊት ከ0.5 በመቶ በታች ነው። በአረጋውያን ግን ወደ 2 ወይም 3 በመቶ ይወጣል። ይህ የተገኘባቸው ሰዎች የደም ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው 10 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። 10 እጥፍ ሲባል ያስደነግጣል፤ ነገር ግን መነሻው ትንሽ ስለሆነ አብዛኞቹ ካንሰር አይዛቸውም። ክትትል ግን ያስፈልጋቸዋል።

አንድ ማሳሰቢያ። እነዚህ ትልልቅ ቁጥሮች በብዛት ከብሪታንያ፣ ከሌሎች የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሰዎችና ከጃፓን የመጡ ናቸው። ደሴ ለሚኖሩ የ70 ዓመት ሰው መቶኛውን እንዳለ ገልብጦ «ይህን ያህል የተለመደ ነው» ማለት አይገባም። አቅጣጫው ግን አንድ ነው፤ ዕድሜ ሲጨምር መጥፋቱም ይጨምራል።

መመዘኛዎቹ

ምርመራ ስትመርጡ አምስት ነገር ጠይቁ።

1. ሕያው ሴል ይፈልጋል ወይስ ዲኤንኤ ይበቃዋል? የናሙናው ጉዞ የሚወሰነው በዚህ ነው።
2. ሁሉንም ክሮሞዞም ያያል ወይስ የተመረጡትን ብቻ?
3. ከመቶ ስንት ሴል ሲለወጥ ነው ማየት የሚችለው?
4. የሚቆጥረው የትኛውን የደም ሴል ነው? ይህን ብዙ ሰው አይጠይቅም።
5. ዋጋውና የሚወስደው ጊዜ ስንት ነው?

ዋጋ በብር አልጻፍኩም። ከላብራቶሪ ላብራቶሪ ይለያያል፣ ናሙናው ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። እርስ በርስ ሲነጻጸሩ የቱ እንደሚወደድ ግን ሠንጠረዡ ላይ ታገኙታላችሁ።

ካርዮታይፕ፦ አሮጌው፣ ግን ያልተተካው

ደሙ የሚቀዳው አረንጓዴ ክዳን ባለው ቱቦ ነው፤ ውስጡ ሄፓሪን የተባለ ፀረ መርጋት አለ። ላብራቶሪው ሴሎቹን ከማሳደጊያ ፈሳሽ ጋር ቀላቅሎ በ37 ዲግሪ ሙቀት 72 ሰዓት ያህል ያቆያቸዋል። እንዲከፋፈሉ የሚቀሰቅሳቸው ከባቄላ ዘር የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ከዚያ ክፍፍሉን መሃል ላይ የሚያስቆም መድኃኒት ይጨመራል። ሴሎቹ ውሃ ጠጥተው እንዲያብጡ ይደረጋል፣ በአልኮልና በአሴቲክ አሲድ ይደርቃሉ፣ መስታወት ላይ ይንጠባጠባሉ፣ ይቀለማሉ። ባለሙያው በማይክሮስኮፕ እያንዳንዱን ክሮሞዞም በመስመሮቹ ይለያል።

ትልቁ ጥንካሬው ሁሉንም ክሮሞዞም በአንድ ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ማሳየቱ ነው። ቁራጭ ከቦታ ቦታ ተቀያይሮ መጠኑ ሳይለወጥ ቢቀር እንኳ ይታያል። ይህን ማይክሮአሬይ አያየውም።

ድክመቱ ቁጥር ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 20 ሴል ብቻ ይቆጠራል። ሃያው ሁሉ ደህና ከሆነ 95 በመቶ እርግጠኛ ሆኖ መናገር የሚቻለው «የተለወጠው ሴል ከ14 በመቶ በታች ነው» ብሎ ብቻ ነው። 30 ቢቆጠር ገደቡ ወደ 10 በመቶ፣ 50 ቢቆጠር ወደ 6 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ትንሽ ድርሻ ለመፈለግ ከተላካችሁ «ስንት ሴል ነው የምትቆጥሩት?» ማለት መብታችሁ ነው። ተጨማሪ እንዲቆጠር ሐኪሙ ፎርሙ ላይ መጻፍ ይችላል።

ሁለተኛው ድክመት ብዙም የማይነገር ነው። ያ የባቄላ ፕሮቲን የሚቀሰቅሰው በዋናነት ቲ ሊምፎሳይት የሚባሉትን ነጭ ሴሎች ነው። የመቅኔ በሽታ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በሌላው ወገን፣ ኒውትሮፊልና ሞኖሳይት የሚባሉትን ነጭ ሴሎች በሚያመርተው መስመር ነው። ስለዚህ የክንድ ደም በዚህ መንገድ ተሠርቶ «46፣ መደበኛ» ቢል መቅኔው ደህና ነው ማለት አይደለም። ለመቅኔ ጥያቄ ናሙናው ከዳሌ አጥንት ይወሰዳል፤ ያለዚያ ቀስቃሽ፣ ለአጭር ጊዜ ያድጋል። የተሳሳተ ናሙና ላይ የተከፈለ ገንዘብ ባክኗል፤ የቀን መጥፋቱ ደግሞ ከገንዘቡ ይብሳል።

ውጤቱ ሲመጣ እንዲህ ያለ ነገር ታያላችሁ፦ 45፣ኤክስ፣–ዋይ[4]/46፣ኤክስዋይ[16]። ሪፖርቱ ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው። ትርጉሙ ቀላል ነው። ከ20 ሴል በ4ቱ ዋይ የለም፤ 16ቱ ሙሉ ናቸው። በቅንፍ ያለው ቁጥር የሴል ብዛት ነው። አንድ ሴል ብቻ ክሮሞዞም ጎድሎት ከተገኘ ከአንድ ሴል እንደተራባ የለውጥ ቡድን አይቆጠርም፤ ክሮሞዞሙ መስታወት ላይ ሲንጠባጠብ ወጥቶ የጠፋ ሊሆን ይችላል። ደንቡ፣ መጉደል ቢያንስ በ3 ሴል፣ መጨመር ግን ቢያንስ በ2 ሴል መታየት አለበት ይላል።

ፊሽ፦ ጥያቄው ሲታወቅ

ፊሽ የሚያበራ ቀለም የተለጠፈበት አጭር ዲኤንኤ ነው። ከሚፈለገው ክሮሞዞም ጋር ይጣበቅና ነጥብ ሆኖ ያበራል። ሴሉ መከፋፈል የለበትም። ስለዚህ 200 ሴልና ከዚያ በላይ ይቆጠራል፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀንም ያልቃል።

የሚያየው ግን የጠየቃችሁትን ብቻ ነው። 7 ቁጥርን ብትጠይቁ ስለ 8 ቁጥር አንዲት ቃል አይነግራችሁም።

ሌላም ነገር አለ። ሁለት ነጥቦች ሲደራረቡ አንድ ይመስላሉ። በዚህ የተነሳ ፊሽ መጉደልን አጋንኖ የማሳየት ዝንባሌ አለው፤ መጨመርን ሲያይ የበለጠ ይታመናል። ደህና ላብራቶሪ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱን የስህተት ገደብ በጤነኛ ሰዎች ደም ያወጣል። ሪፖርቱ ላይ ይህ ገደብ ከሌለ ጠይቁ። «3 በመቶ ጎድሏል» የሚል ውጤት ገደቡ 5 በመቶ ከሆነ ምንም ማለት አይደለም። ለዋይ ሲሆን ኤክስና ዋይ በሁለት የተለያየ ቀለም አብረው ቢሠሩ ይሻላል። ኤክሱ በርቶ ዋዩ ካልታየ ቀለሙ ሠርቷል ማለት ነው።

ማይክሮአሬይ፦ ሰፊ ዓይን፣ ግን አማካይ

ይህ ዲኤንኤ ላይ ነው የሚሠራው። ቱቦው ሐምራዊ ክዳን ያለው፣ ኢዲቲኤ የተባለ ፀረ መርጋት ያለበት ነው። ሴሉ በሕይወት መኖር የለበትም፤ ስለዚህ ሩቅ አገር ለሚላክ ናሙና ከካርዮታይፕ ይልቅ ጉዞ ይችላል።

በመላው ክሮሞዞም ላይ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ነጥቦችን ይለካል። ካርዮታይፕ የማያየውን ትንሽ ቁራጭ ያያል። ሁለቱም ቅጂ ከአንድ ወላጅ የሆነበትን ክፍልም ይይዛል፤ በዚህ ላይ ቁጥሩ 46 ስለሚሆን በማይክሮስኮፕ ፈጽሞ አይታወቅም። የሁሉም ነጭ ሴል ዲኤንኤ ተቀላቅሎ ስለሚለካ የቲ ሴል ብቻ የሚለው ችግር እዚህ የለም።

ነገር ግን የሚሰጠው አማካይ ነው። 30 በመቶ 7 ቁጥር የጎደለው፣ 30 በመቶ 8 ቁጥር የጨመረ ቢል ሁለቱ በአንድ ሴል ውስጥ ይሁኑ በተለያየ አይነግራችሁም። በተራ የክሊኒክ አሠራር ከ5 እስከ 10 በመቶ በታች የሆነ ድርሻ ሊያመልጠው ይችላል። ትልልቆቹ የብሪታንያ ጥናቶች እስከ 1 በመቶ የወረዱት በልዩ ስሌት ነው። ያንን ከተራ ላብራቶሪ አትጠብቁ።

ዲጂታል ፒሲአር፦ ለዋይ ብቻ

አሜሎጀኒን የሚባል ጂን በኤክስም በዋይም ላይ አለ፤ የኤክሱ በ6 የዲኤንኤ ፊደል ያጥራል። ምርመራው ይህችን ልዩነት ይይዛል። ዲኤንኤው በሺዎች ወደሚቆጠሩ ጠብታዎች ይከፋፈላል፣ የኤክስና የዋይ ጠብታዎች ይቆጠራሉ። የዋይ ለኤክስ ጥምርታ 1 ከሆነ ዋይ አልጎደለም። 0.8 ከሆነ 20 በመቶ የሚሆኑት ሴሎች ዋይ የላቸውም።

ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ጥቂት ዲኤንኤ ይበቃዋል። ብዙ ሰው ለሚያጠና ተመራማሪ ምርጫዬ ይህ ነው። ለታማሚ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ስለ ሌሎቹ ክሮሞዞሞች ዝም ይላልና። ሄፓሪን ያለበትን ቱቦ እንዳትልኩለት። ሄፓሪን ፒሲአርን ያግዳል።

ሲኩዌንሲንግ

ሲኩዌንሲንግ የዲኤንኤን ፊደሎች ማንበብ ነው። በስሱ የሚሠራ የጠቅላላ ጂኖም ንባብ ትልልቅ መጨመርና መጉደልን ያገኛል፣ በጥልቀት ሲሠራ ደግሞ ብዙ ነገር ያያል። ዋጋውና ትንተናው ግን ለአንድ ቤተሰብ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ከዚህ ጋር የሚምታታ አንድ ነገር አለ። «የደም ጂኖች ፓነል» ተብሎ የሚሸጠው የፊደል ስህተት የሚፈልግ ነው። ለመቅኔ በሽታ ጠቃሚ ነው፤ የክሮሞዞም ቁጥር ጥያቄን ግን በራሱ አይመልስም።

በአንድ እይታ

| | ካርዮታይፕ | ፊሽ | ማይክሮአሬይ | ዲጂታል ፒሲአር | ሲኩዌንሲንግ |
|---|---|---|---|---|---|
| ናሙና | ሕያው ሴል፣ አረንጓዴ ክዳን | ሴል፤ መከፋፈል አያስፈልገውም | ዲኤንኤ፣ ሐምራዊ ክዳን | ዲኤንኤ፣ ሐምራዊ ክዳን | ዲኤንኤ፣ ሐምራዊ ክዳን |
| የሚያየው | ሁሉንም | የተመረጠውን | ሁሉንም | ዋይን ብቻ | ሁሉንም |
| ትንሹ ድርሻ | በ20 ሴል 14 በመቶ | ጥቂት በመቶ፤ እንደ ላብራቶሪው ገደብ | ከ5 እስከ 10 በመቶ | ጥቂት በመቶ | እንደ ንባቡ ጥልቀት |
| መጠን ያልለወጠ መቀያየር | ያያል | ከተጠየቀ ብቻ | አያይም | አያይም | በስሱ ሲነበብ ያመልጠዋል |
| የትኛው ሴል | የተከፋፈለውን ብቻ | ሁሉንም | ሁሉንም፣ በአማካይ | ሁሉንም፣ በአማካይ | ሁሉንም፣ በአማካይ |
| ዋጋ | መካከለኛ | ለአንድ ጥያቄ መካከለኛ፤ ሲደራረብ ውድ | ውድ | ርካሽ | ከሁሉም ውድ ሊሆን ይችላል |

እንደ ጉዳያችሁ

*ደም ማነስ ወይም የነጭ ሴል መውረድ ያለበት አዛውንት።* ምክሬ ግልጽ ነው። የመቅኔ ካርዮታይፕ ይቅደም። የ7 ቁጥር መጉደል፣ የ5 ቁጥር ረጅም ክንድ መቆረጥ፣ የ8 ቁጥር መጨመር የሚፈለገው እዚያ ነው። ሴሎቹ አልከፋፈል ካሉ ፊሽ ይተካ፤ አቅም ከፈቀደ ማይክሮአሬይ ይጨመር። መቅኔው ውስጥ የተገኘው የዋይ መጥፋት ብቻ ከሆነ ሴሎቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩም ጤነኛ ከመሰሉ፣ ያ የመቅኔ በሽታ ማስረጃ ተደርጎ አይወሰድም። ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ «ክሮሞዞም ጎድሏል» የሚለውን ቃል ሰምቶ ሲያለቅስ ማየት ያሳዝናል። «ዶክተር፣ ከዋይ ሌላ የተገኘ ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።

*ልጅ አልመጣ ብሏት የምትመረመር የ40ዎቹ ሴት።* ካርዮታይፕ ከ30 ሴል በ2ቱ ወይም በ3ቱ አንድ ኤክስ ብቻ ቢያሳይ ወዲያው ተርነር ሲንድረም (ሴት ከውልደት ጀምሮ አንድ ኤክስ የሚጎድላት ሁኔታ) ብሎ መደምደም ልክ አይደለም። ዕድሜም ይህን ያመጣል። ተጨማሪ ሴል ይቆጠር፣ ከጉንጭ ውስጥ በሚወሰድ ናሙና ላይ ደግሞ ፊሽ ይሠራ። ጉንጩ ደህና ከሆነ ነገሩ የደም ብቻ የመሆኑ ዕድል ይጨምራል። በእርግዝና ጊዜ ከእናት ደም የሚሠራው የጽንስ ክሮሞዞም ምርመራም በዚሁ የእናት ኤክስ መጥፋት ሊታለል ይችላል።

*ጤነኛ ሆኖ «ዕድሜዬን ልወቅ» የሚል ሰው።* የትኛውንም አትግዙ። የጠፋን ዋይ የሚመልስ መድኃኒት የለም፤ በውጤቱ የምትለውጡት ሕክምናም የለም። ጉዳዩ ቀላል ስለሆነ አይደለም። በ2022 የወጣ ጥናት በአይጦች ላይ ከደም ሴል ዋይ ሲጠፋ ልባቸው ላይ ጠባሳ መብዛቱን አሳይቷል፤ በወንዶችም ከበሽታና ከሞት ጋር ያለው ዝምድና ደጋግሞ ታይቷል። በእጃችሁ ያለው ዋና ነገር ሲጋራ ነው። በ2015 የወጣ የስዊድን ተመራማሪዎች ጥናት አጫሾች ላይ የዋይ መጥፋት በግልጽ እንደሚበዛ፣ ባቆሙት ዘንድ ግን ጭራሽ ካላጨሱት ጋር እንደሚቀራረብ አሳይቷል። ያንን ገንዘብ ለደም ግፊት፣ ለስኳርና ለሲቢሲ አውሉት።

*በጀቱ ጠባብ የሆነ ቤተሰብ።* አንድ ብቻ መክፈል ከቻላችሁና ጥያቄው የመቅኔ ከሆነ ካርዮታይፕ ነው። ደሙ ወይም መቅኔው እንዳይቀዘቅዝ፣ በረዶ ላይም እንዳይቀመጥ አደራ። ቱቦው ተገላብጦ በደንብ ካልተቀላቀለ ይረጋል፤ የረጋ ናሙና ደግሞ ምንም አያበቅልም። ከሳምንቱ መጨረሻ በፊት ባለው ቀን አታስቀዱ፤ ተቀባዩ ላብራቶሪ ዝግ ከሆነ ሴሎቹ መንገድ ላይ ይሞታሉ። ሥራው ካለቀ በኋላ የተረፉት የደረቁ ሴሎች በማቀዝቀዣ ለረጅም ጊዜ ይቆያሉ። «የተረፈውን አስቀምጡልን» በሉ። ሐኪሙ ኋላ ፊሽ ቢፈልግ ከዚያው ይሠራል፤ አባታችሁም ለሁለተኛ ጊዜ ዳሌያቸውን አይወጉም።